ያላደረስሁት የልጄ ቃል

በሰፈሬ ሰው ዘንድ ሐቀኛ እባላለሁ። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ጎረቤት በአጥር ሲጋጭ "አያ ደመቀ ይምጣ፣ እሱ አይዋሽም" ይባላል። ስሙ እየከበደኝ መጥቷል። ስለዚህ አንድ ጊዜ እንዴት እንደዋሸሁ ልጻፍና፣ ከዚያ በኋላ የሚጠራኝ ሰው አውቆ ይጥራኝ።

የተወለድሁት ከአምባ ጊዮርጊስ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ርቃ ባለች መንደር ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። በሃያ ዓመቴ ለሰሊጥ አጨዳ ሱዳን ወርጄ፣ ፊደል የቆጠርሁት እዚያ አብሮኝ ከሚያጭድ የደባት ልጅ ነው። አጨዳው ሲያልቅ ገዳሪፍ ወፍጮ ቤት ተቀጥሬ ስድስት ዓመት ቆየሁ። ዐረብኛውንም የወፍጮ ጥገናውንም ከዚያ ይዤ ጎንደር ገባሁ። ዛሬ ከእንፍራንዝ እስከ ደባት ወፍጮ ሲቆም የሚደወለው ለእኔ ነው። ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ አነባለሁ። በራሱ የተማረ ሰው ግን አንድ ክፉ አመል አለው፤ ያወቀውን ሁሉ በሌላው ላይ ካልጫነ አያርፍም። ቤቴ ትምህርት ቤት ነበር፤ መምህሩም ገራፊውም እኔ። ልጄ ጌታሰው በዘጠኝ ዓመቱ ብርጭቆ ሰብሮ "ድመቷ ናት" አለኝ። ክፉኛ ገረፍሁት። "ይህ ለብርጭቆው አይደለም፤ ለድመቷ ነው" አልሁት። ይህን ነገር ለሰው እየነገርሁ ስኮራበት ኖሬያለሁ።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የመተማ መንገድ ገና ሰላም በነበረበት ጊዜ ነው። በወገራ ገጠር ነፍሰ ጡሮች መውለጃቸው እስኪደርስ የሚያርፉበት ማቆያ ቤት ተሠርቶ ነበርና፣ ለእሱ አልጋና ፍራሽ ለመግዛት የእግር ኳስ ውድድር ተዘጋጀ። ከሱዳን አንድ፣ ከጅቡቲ አንድ ክለብ ተጋበዘ። ከእኛ ወገን ጌታሰው በተከላካይነት የሚጫወትበት ክለብ ተመረጠ። ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ዐረብኛ የሚያውቅ ሲፈለግ የእኔ ስም ተነሣ፤ ለሱዳኖቹ አስተርጓሚ ሆንሁ።

እንግዶቹ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ሆቴል አረፉ። አሠልጣኛቸው ሐጅ ኢድሪስ የሚባል ዝምተኛ ሽማግሌ ነው። ከልጆቹ መካከል ሙዘሚል የሚባለው አጥቂ ከመጀመሪያው ቀን ተጣበቀብኝ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነገር ሁሉ የሚያስቀው ልጅ ነው። "አጎቴ" ይለኝ ነበር። ለጥ ባለ አገር አድጎ የጎንደርን ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ያጥረዋል።

"አጎቴ፣ እዚህ ከተማ ላይ ኳስ ካመለጠቻችሁ የት ትቆማለች?" አለኝ ዓርብ ዕለት።

"ጣና ላይ" አልሁት።

ለጓደኞቹ ሁሉ ተዘዋውሮ ነገራቸው። ከሐጅ ኢድሪስ እንደሰማሁት፣ ካርቱም ያለ ትልቅ ክለብ ሙዘሚልን ሊወስደው ተስማምቶ ነበር። ከዚህ ጨዋታ ሲመለስ ሊሄድ ነው።

ቅዳሜ የእኛ ልጆችና ሱዳኖቹ ገጠሙ። እኔ ከእንግዶቹ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ተቀምጫለሁ፤ ጌታሰው ሙዘሚልን ይጠብቃል። መጠበቅ ከተባለ። ልጁ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ያልፈዋል፤ ጌታሰው ዞሮ ሲያየው እሱ ሄዷል። ከኋላዬ ያለው ተመልካች ነገር አገኘ።

"አያ ደመቀ! ልጅህ ወፍጮ ነው እንዴ? አንድ ቦታ ቆሞ ይሽከረከራል!"

"ዘይት ጨርሶ ነው! አባቱ ይጨምርለት!"

ሜዳው ሳቀ። እኔ በሰው ስቄ አላውቅም፤ ሲሳቅብኝ ግን ጆሮዬ ድረስ ነው የሚነድደኝ። በዕረፍት ሰዓት የእንግዶቹን ወንበር ትቼ በአጥሩ ዙሪያ ሄድሁና ጌታሰውን ጠራሁት። ላቡ በፊቱ ይወርዳል።

"ምነው? ስንት ጊዜ ያልፍሃል?"

"ፈጣን ነው አባዬ። አልደረስሁበትም።"

"ካልደረስህበት አስቁመዋ።"

"በምን?"

"እግር የለህም? ሰው እየሳቀብን ነው። አስቁመው አልሁህ።"

አየኝና ወደ ሜዳው ተመለሰ። እኔም ተመልሼ ከእንግዶቹ ጎን፣ ከአሠልጣኛቸው አጠገብ ተቀመጥሁ። ሐጅ ኢድሪስ ውኃ አቀበለኝ፤ አመስግኜ ጠጣሁ።

ከዕረፍት በኋላ ብዙም አልቆየም። ሙዘሚል ኳሷን ወደ ፊት ገፍቶ አለፈ። ኳሷ ሄዳለች። ይህን አጥርቼ አይቻለሁ፤ ኳሷ ከሁለቱም ርቃ ነበር። ጌታሰው የገባው ለሙዘሚል እግር ነው። የተሰማው ድምፅ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ያለ ነው። ዳኛው ከኋላቸው ስለነበር አላጣራውም፤ ፊሽካውን ነፋና ቅጣት ምት ሰጠ፤ ከዚያ እግሩን ሲያይ ራሱን ያዘ። ሰው ሁሉ ወደ ወደቀው ልጅ ሮጠ። ጌታሰው ብቻ ባለበት ቆሞ ቀረ። ዳኛውን አላየም፣ ሙዘሚልንም አላየም። በሜዳው ማዶ እኔን ነበር የሚያየኝ።

አምቡላንስ መጣ። የቀረው ጨዋታ እንደነገሩ አለቀ። የእኛም ሰው "ኳስ ነው፣ ያጋጥማል" እያለ ተበተነ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጌታሰውን ጠርቼ አስቀመጥሁት። ስለተናገርሁት ነገር አላነሣሁም፤ እሱም አላነሣም። በእኛ አገር ሰው ያቆሰለ ሰው፣ የቆሰለው እስኪሻለው ድረስ ያስታምማል። መጀመሪያ ግን ድንጋይ ተሸክሞ፣ ከፊቱ ወድቆ ይቅርታ ይለምናል።

"ዛሬ ትሄዳለህ። ድንጋይ ተሸክመህ።"

"አባዬ፣ ሆስፒታል ነው እኮ። የውጭ አገር ሰው ነው። ምን ይለናል?"

ሚስቴ አንጓች ከጓዳ ወጣች። "ምነው ደመቀ? በከተማ መሐል ልጁን ድንጋይ ልታሸክመው ነው? ብርቱካን ገዝታችሁ አትሄዱም?"

"በብርቱካን ይቅርታ የለም" አልኋት። ልጄን ቀጥ ማድረጌን እንጂ ከጥፋቱ ግማሹ የእኔ መሆኑን በዚያ ሰዓት ላስበው አልፈለግሁም። ሰው ሌላውን ሲቀጣ ራሱን የቀጣ ይመስለዋል።

የሆስፒታሉ ዘበኛ በር ላይ አስቆመን።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ድንጋይ" አለ ጌታሰው። አንገቱ በክብደቱ ጎብጧል።

"ድንጋይ መሆኑንማ አየሁት። ድንጋይ ይዞ መግባት ክልክል ነው።"

"ለይቅርታ ነው፤ ሱዳናዊውን የሰበረው እሱ ነው" አልሁት።

ዘበኛው ጌታሰውን ከላይ እስከ ታች አየው። እሱም የገጠር ሰው ነው መሰለኝ። "በል ይግባ። ስትወጡ ግን ይዛችሁት ውጡ፤ እዚህ የጎደለን ድንጋይ አይደለም።"

ወደ ክፍሉ ስንደርስ ሌላ ጉድ ጠበቀን። በሙዘሚል አልጋ ዙሪያ አራት የቡድኑ ልጆች ተቀምጠዋል። በሩ ተከፈተና ትናንት ጓደኛቸውን የሰበረው ሰው፣ ዛሬ ደግሞ የራስ ቅል የሚያህል ድንጋይ ተሸክሞ ገባ። አራቱም ብድግ አሉ። አንዱ የግሉኮስ መስቀያውን ብረት አነሣ። እግሩ በፋሻ ተጠቅልሎ የታሰረው ሙዘሚል መሸሽ ቢያቅተው ብርድ ልብሱን ፊቱ ላይ ሳበ።

"ልመና ነው! ልመና ነው! ይቅርታ የምንለምነው በዚህ ነው!" ብዬ በዐረብኛ ጮህሁ።

ጌታሰው ደንግጦ ድንጋዩን እንደተሸከመ ተንበረከከ። ያን ጊዜ ጥግ ላይ የተቀመጠው ሐጅ ኢድሪስ ገባውና ሳቀ። ልጆቹም ሳቁ፤ ብረቱን ያነሣው አፍሮ ወደ ቦታው መለሰ። ሙዘሚል ከብርድ ልብሱ ሥር አንድ ዓይኑን አውጥቶ "አጎቴ፣ ሌላኛውን እግሬን ሊጨርሰው የመጣ መስሎኝ ነበር!" አለ። ድንጋዩን አወረዱለት። ክፍሉ ሞቀ።

ከዚያ ጌታሰው፣ እንደተንበረከከ፣ ዓይኑን ከሙዘሚል ሳይነቅል ተናገረ።

"አባዬ፣ እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ። አውቄ ነው የመታሁህ። ኳሷ ሄዳ ነበር፤ አይቻለሁ። እግርህን ብዬ ነው የገባሁት። ይቅር በለኝ፤ ይቅር ባትለኝም እውነትህን ነው።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ይህን ጊዜ ዛሬም አልረሳውም። ዐረብኛው አፌ ላይ ነበር፤ አንድም ቃል አልጠፋኝም። ግን "አውቄ ነው" ካልሁ፣ የሚቀጥለው ጥያቄ "ለምን?" ነው። ከ"ለምን" በኋላ ያለው መልስ እኔ ነኝ።

"ኳሷን ፈልጌ ነበር፤ እግሬ አዳለጠኝ፤ ስለ አላህ ብለህ ማረኝ ይላል" አልሁ።

ሙዘሚል እጁን ዘረጋና የጌታሰውን ራስ ያዘ። "ማዓሌሽ፣ ማዓሌሽ" አለው። ምንም አይደል ማለት ነው። ጌታሰው እንባው መጣ።

"ምን አለ አባዬ?"

"ይቅር ብዬሃለሁ አለ።"

"ሁሉንም ነገሩት?"

"ሁሉንም።"

ሁለት ውሸት፣ በሁለት ቋንቋ፣ በአንድ ትንፋሽ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጌታሰው ከአልጋው አጠገብ አልተለየም። ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፎ ተኛ። ያጥበዋል፣ ያገላብጠዋል፣ ሽንት መቀበያ ያቀርብለታል። አንጓች በጠዋትና በማታ የአጃ ሾርባ በፔርሙዝ ትልካለች፤ እኔ አመላልሳለሁ። የአጥንቱ ሐኪም ሁለት ቦታ እንደተሰበረ፣ ብዙ ወራት እንደሚፈጅ፣ ስለ ኳስ ግን አሁን ምንም ማለት እንደማይችል ነገረን። ይህንም የተረጎምሁት እኔ ነኝ። ሙዘሚል ስለ ካርቱም አንድም ነገር አላለም። ከዚያ የአጃውን ሾርባ በማንኪያ እያነሣ፣

"አጎቴ፣ ይኼ እግር ለመጠገን ነው ወይስ ግድግዳ ለመለሰን?" አለኝ።

ለጌታሰው ነገርሁት፤ ሳቁ። ቀልዱን አንድ ቃል ሳላጓድል አደረስሁት። ቀልድ ለማድረስ ጎበዝ ነበርሁ።

ሰኞ ከቀትር በኋላ ሙዘሚል ከሻንጣው ማልያውን አስወጥቶ ለጌታሰው ሰጠው። ጌታሰው ተቀበለውና ወዲያው ተነሥቶ ወጣ። ተከትዬው ስወጣ ግቢው ውስጥ፣ ዛፍ ሥር፣ ማልያውን እንደ ዕዳ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

"አባዬ፣ ይህ ሰው አልሰማም።"

"ምኑን?"

"ያልሁትን። ቢሰማ ኖሮ ማልያውን አይሰጠኝም። ቢሰጠኝም እንዲህ እየሳቀ አይደለም።"

"ነግሬዋለሁ አልሁህ።"

"እንግዲያው ይድገሙለት። አሁን፣ እኔ እያየሁ።"

"አባትህን ዋሾ ልትል ነው?"

ድምፄ ከፍ አለ፤ አስታማሚዎች ዞረው አዩን። ድሮ ቢሆን በዚህ ድምፅ አንገቱን ይደፋ ነበር። አልደፋም። ቁጣም አላየሁበትም። የደከመው ሰው ይመስል ነበር።

"አባዬ፣ እርስዎን አልጠራሁም እኮ" አለ ቀስ ብሎ። "አባቴ አዞኝ ነው አላልሁም። የራሴን ብቻ ነው የተናገርሁት። የራሴን እንኳ ለምን ያስቀሩብኛል?"

ትቶኝ ገባ።

ግንዱ ሥር ተቀመጥሁ። ልጄ በዚያ ክፍል ውስጥ ተንበርክኮ እኔን ሲሸፍን፣ እኔ ቆሜ ራሴን ሸፍኛለሁ። ለእሱ ብዬ ነው እያልሁ ሁለት ቀን ራሴን አታልያለሁ፦ ክለቡ እንዳያባርረው፣ ቂም እንዳይያዝበት። አልነበረም። ፈርቼ ነው። ልጁን ስለ ውሸት የገረፈ ሰው፣ ልጁ እውነት ሲናገር አፉን ያዘው።

ማክሰኞ ጠዋት ከደባት ወፍጮ ቆመ ተብሎ ተደወለልኝ። አልመጣም አልሁ። የሆስፒታሉን ዳገት በእግሬ ወጣሁት። እኩለ ቀን ላይ ሙዘሚልን ወደ መተማ የሚወስደው መኪና ሊመጣ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሐጅ ኢድሪስ፣ ሙዘሚልና ጌታሰው ብቻ ነበሩ። ሻንጣው ታስሯል። ጌታሰው ሲያየኝ ተነሣ።

"ተቀመጥ" አልሁት። ከዚያ በዐረብኛ ጀመርሁ። "ሙዘሚል፣ እሁድ ዕለት ልጄ ያለህን አልነገርሁህም።"

ፈገግ ሊል ነበር፤ ፊቴን አይቶ ተወው።

"አዳለጠኝ አላለም። አውቄ ነው የመታሁህ፣ ኳሷ ሄዳ ነበር ነው ያለው። ውሸቱን የጨመርሁት እኔ ነኝ።"

ሐጅ ኢድሪስ መቁጠሪያውን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሙዘሚል ጌታሰውን አየው፤ ጌታሰው ቋንቋውን ባያውቅም ምን እየተባለ እንደሆነ ገብቶት ነበር፤ ዓይኑን አላሸሸም።

"ለምን?" አለ ሙዘሚል። ያ የሸሸሁት ጥያቄ ይኸው መጣ።

"በዕረፍት ሰዓት አስቁመው ያልሁት እኔ ስለሆንሁ። እግር የለህም ወይ ብዬዋለሁ። ሰው ስለሳቀብኝ ነው።"

ከኮሪደሩ የአልጋ ጎማ ሲንቋቋ ይሰማል። ዐረብኛ አንቱታ የለውም፤ እስከዚያ ቀን ግን "አጎቴ" ስለሚለኝ አንቱታ የሰጠኝ ያህል ይሰማኝ ነበር። አሁን "አንተ" ሲለኝ አንተ ብቻ ሆነ።

"አንተ ሁለት ቀን ሙሉ ሾርባ አምጥተህ አጠጣኸኝ። ስጠጣ ከፊቴ ተቀምጠህ ምን ታስብ ነበር?"

ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ለዚህ የሚሆን መልስ ግን አንዱም ላይ አላገኘሁም።

ከዚያ ጌታሰውን በእጁ ጠርቶ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። ወደ እኔ ዞሮ፣ "አሁን የምለውን ቃል በቃል ንገረው። ሐጅ ያዳምጥሃል" አለ። ሐጅ ኢድሪስ አማርኛ አይችልም፤ ሁላችንም እናውቃለን። እንዲያ ማለቱ እንደማያምነኝ እንዳውቅ ነው።

"እግሬን የሰበርኸው አንተ ነህ" አለ ለጌታሰው፤ እኔም አልሁ። "ካርቱም ልሄድ ነበር፤ አሁን አልሄድም። ይህን አላህ ይየው።" ደግሜ አልሁ። "ግን እሁድ ነግረኸኛል። ያልሰማሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። አሁን ሰምቻለሁ። በአንተ ላይ የያዝሁት ነገር የለም። ማልያው ያንተ ነው።" ይህንም አልሁ።

ጌታሰው እጁን ያዘው። ሁለቱም አላለቀሱም። እኔ ቆሜ ጠበቅሁ። ሲቆይብኝ ጊዜ፣ ሽማግሌ ሰው ሆኜ ሳለሁ እንደ ልጅ ጠየቅሁት።

"እኔስ?"

ሙዘሚል ጥቂት አሰበ። "ስለ አንተ ገና አልወሰንሁም። ይህንም ንገረው" አለ።

ወደ ልጄ ዞርሁ። "ስለ እኔ ገና እንዳልወሰነ ንገረው ብሎኛል" አልሁት። በዚያ ሳምንት ከተረጎምሁት ሁሉ ከባዱ እሱ ነበር።

መኪናው መጣ። ጌታሰው በአንድ በኩል፣ ሐጅ ኢድሪስ በሌላ በኩል ደግፈው አስገቡት። እኔ ሻንጣውን ያዝሁ፤ ሻንጣውን ማንም አልከለከለኝም።

አንባቢዎቼ፣ በተለይ እንደ እኔ ልጆቻችሁን በቁጣ ያሳደጋችሁ አባቶች፣ ምክር ልሰጣችሁ ነበር ይህን የጀመርሁት። ምክሩን ስፈልገው የለኝም። ያለኝ የሆነው ነገር ነው። ለልጄ እውነት መናገርን አስተማርሁ፤ እውነቱ እኔ ዘንድ ሲደርስ ግን በር ዘጋሁበት። ልጄ ያን ትምህርት ከእኔ ተምሮታል፤ እኔ ከራሴ አልተማርሁትም ነበር። ዛሬ ሽምግልና ስጠራ፣ ከመቀመጤ በፊት ይህን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። አንዳንዶቹ "እንግዲያው ሌላ ሰው እንፈልጋለን" ይላሉ። አልቀየማቸውም፤ ተነሥቼ እሄዳለሁ።

በቤቴም የተለወጠ ነገር አለ። ጌታሰው አሁንም ያከብረኛል፤ ስገባ ይነሣል። ግን የምለውን ሁሉ አይቀበልም፤ ይመዝነዋል። መጀመሪያ አመመኝ። አሁን ለምጄዋለሁ፤ መመዘን ነበረብኝ።

የሙዘሚል አጥንት ገጠመ፤ ኳስ ግን ተወ። በአገሩ ጦርነት ሲነሣ ለብዙ ወራት ድምፁ ጠፍቶ፣ በኋላ በሕይወት መኖሩን ሰማን። ጌታሰው ዐረብኛ ተምሯል። ከእኔ አይደለም፤ በስልኩ፣ ከሙዘሚል ጋር እያወራ። ሁለቱ ለመነጋገር እኔን አይፈልጉም፤ እንዲያ መሆኑ ሸጋ ነው።

ባለፈው ጾም አንድ ከሰዓት በኋላ ምሳ ላይ ሳለን የጌታሰው ስልክ ጮኸ፤ ሙዘሚል ነው። ድሮ ሲደወልለት ወደ ውጭ ይወጣ ነበር፤ ያን ቀን ከገበታው ሳይነሣ፣ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ከፊቴ አወራ። ስለ ሥራ፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ ሙዘሚል ትንሽ ሴት ልጅ አወሩ። ከዚያ ሙዘሚል፣ "አባትህ ደኅና ነው?" አለ።

"ደኅና ነው። እዚሁ ከፊቴ ነው። ላገናኝህ?"

ማኘኬን ተውሁ።

"ዛሬ አይሁን" አለ ሙዘሚል።

ጌታሰው አየኝ። ሊተረጉምልኝ አልሞከረም፤ መስማቴን ያውቃል። እንጀራውን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝና ወሬውን ቀጠለ፤ እኔም ቆርሼ ጎረስሁ።